በሙዚየም መሳቢያ ያሉ የወፍ ናሙናዎች ስለ ሕያዋኑ ዕድሜ የሚናገሩት

በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። አንድ ዝርያ የት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ወር እንደሚታይ፣ በብዛት ይሁን በጥቂቱ እንዳለ ማወቅ የተለመደ የጥናት ሥራ ነው። ከዚህ ይልቅ አስቸጋሪ የሆነው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ዘንድሮ በሕይወት ካሉት መቶ ጎልማሳ ወፎች መካከል የከርሞውን ዓመት የሚያዩት ስንቶቹ ናቸው የሚለው ነው። ይህ መጠን በሕይወት የመቆየት ምጣኔ ይባላል። አንድ ዝርያ የሚደርስበትን ጉዳት ተቋቁሞ ማገገሙ ወይም ቀስ በቀስ መመናመኑ በአብዛኛው የሚታወቀው ከዚህ ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ለማግኘት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሕያዋኑን ተከታትሎ መቁጠር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰብስበው በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ የተቀመጡትን ናሙናዎች መመርመር ነው። ይህ ጽሑፍ በይበልጥ ሁለተኛውን ያብራራል። ለማብራሪያነት የተመረጠውም ከጉራጌ ተራሮች በስተ ምዕራብና በስተ ምሥራቅ የሚገኘው የወልቂጤና የቡታጅራ አካባቢ ነው።

ተከታትሎ መቁጠር

ቡታጅራ ሕይወትንና ሞትን በመመዝገብ ሥራ ስሟ በምርምር ዓለም የታወቀ ከተማ ናት። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን መርጦ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በየቤቱ ሲመዘግብ ቆይቷል። የዚህ ዓይነቱ ምዝገባ ጥንካሬ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ሰው በስሙ ይታወቃል፤ ከመዝገቡ የጎደለ ሰው ቢኖርም ሞቶ ይሁን አካባቢውን ለቆ ቤተሰቡ ወይም ጎረቤቱ ተጠይቆ ይለያል።

ለወፍ የስም ምትክ የሚሆነው በእግሩ ላይ የሚታሰር ቁጥር ያለው የብረት ቀለበት ነው። ይህን ሥራ በሥርዓት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 ሃንስ ክርስቲያን ሞርቴንሰን የተባለው የዴንማርክ መምህር ነው። ወፏ በመረብ ተይዛ ቀለበቱ ይታሰርላትና ትለቀቃለች፤ በሚቀጥሉት ዓመታት እንደገና ስትያዝ ቁጥሯ ይነበባል። ችግሩ ሳትያዝ የቀረችው ወፍ ጉዳይ ነው። ሞታ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሌላ ሸለቆ ሄዳ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እዚያው እያለች መረቡን ተላምዳ ሸሽታ ሊሆን ይችላል። የሚጠየቅ ቤተሰብ የለም። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ኮርማክ፣ ጆሊና ሴበር እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 ያወጧቸው ስሌቶች የመያዝን ዕድል በሕይወት ከመቆየት ዕድል ለይተው ለመገመት አስችለዋል። ይሁንና ሥራው በአንድ ቦታ ለተከታታይ ዓመታት መመላለስን፣ የሠለጠነ ሰውንና ብዙ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወደ ኋላ ማየት አይችልም። ዛሬ በወልቂጤ ዙሪያ የሚጀመር የቀለበት ሥራ ከአምስት ዓመት በኋላ ስለ አምስቱ ዓመት ይናገራል እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት ስለነበረው ሁኔታ የሚለው ነገር የለም።

በመሳቢያው ውስጥ ያለው

የሙዚየም የወፍ ናሙና በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለጎብኚ ከሚቆመው ይለያል። ቆዳው ከነላባው ተገፎ፣ ውስጡ በጥጥ ተሞልቶ፣ ክንፎቹ ታጥፈው፣ በጀርባው እንደተኛ ይደርቃል፤ በእግሮቹም ላይ መለያ ወረቀት ይታሰርለታል። የአንድ ዝርያ ናሙናዎች በአንድ መሳቢያ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የጥንቶቹ ከብል እንዲጠበቁ በአርሴኒክ ሳሙና የታሹ በመሆናቸው ዛሬም በጓንት ነው የሚያዙት።

ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ናሙናዎች በብዙ አገሮች ተበትነው ይገኛሉ። ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ የሰበሰባቸው በጀርመን ፍራንክፈርት፣ ጣሊያናዊው ኦራትስዮ አንቲኖሪ ከሸዋ የሰበሰባቸው በጄኖቫ ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1911 እና በ1912 በቻይልድስ ፍሪክ ስም የተካሄደው ጉዞ የሰበሰባቸው በዋሽንግተን፣ የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1926 እና በ1927 ያደራጀው ጉዞ ያከማቻቸው ደግሞ በዚያው ከተማ ናቸው። በአገር ውስጥ የሚገኘው ዋናው ስብስብ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአራት ኪሎ ግቢው የሚያስተዳድረው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነው። እነዚህ ስብስቦች የተቋቋሙት ዝርያዎችን ለመለየትና ስም ለመስጠት ነበር። ስለ ዕድሜና ስለ ሞት ይነግሩናል ብሎ ያሰበ ሰብሳቢ የነበረ አይመስልም።

ከሞተ ወፍ ስለ ሕይወት እንዴት ይታወቃል? መልሱን ለመረዳት የአባላቱ ቁጥር ሁልጊዜ መቶ የሆነ አንድ እድር እናስብ። የእድሩ መዝገብ ጠፍቷል፤ ማን መቼ እንደሞተ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን ዛሬ ከተሰበሰቡት መቶ አባላት መካከል ሠላሳዎቹ በዚህ ዓመት የገቡ መሆናቸው ታወቀ። እድሩ መቶ ሆኖ የቀጠለ ከሆነ፣ በዓመቱ ውስጥ ሠላሳ ነባር አባላት በሞት ተለይተዋል ማለት ነው። የወጣውን ሳይቆጥሩ የገባውን በመቁጠር ብቻ የሞት መጠን ተገኘ።

በወፎችም እንዲሁ ነው። ቁጥሩ በማይጨምርና በማይቀንስ የወፍ ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ለመራባት ከደረሱት መካከል ባለፈው ዓመት የተፈለፈሉት ድርሻ ከጎልማሶቹ ዓመታዊ የሞት ምጣኔ ጋር እኩል ይሆናል። የቀረው ድርሻ በሕይወት የመቆየት ምጣኔ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ በአንድ መሳቢያ 60 ናሙናዎች ቢኖሩና 18ቱ የመጀመሪያ ዓመት፣ 42ቱ ጎልማሳ ቢሆኑ፣ የሞት ምጣኔው 30 በመቶ፣ በሕይወት የመቆየት ምጣኔው 70 በመቶ ይሆናል። ነገር ግን 60 ናሙና ጥቂት ነው። በተለመደው የስታቲስቲክስ ስሌት ትክክለኛው ቁጥር ከ58 እስከ 82 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ክልሉን ለማጥበብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ፤ እነዚህም ከአንድ ሙዚየም ብቻ እምብዛም አይገኙም።

አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ሊቅ ሮበርት ሪክለፍስ ይህን ዘዴ በሰፊው ሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ አህጉራትን የቱርደስ ወገን ወፎች በማነጻጸር ባሳተመው ጥናት፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ2011 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ ሌሎች ዘማሪ ወፎች ባቀረበው ጽሑፍ፣ በሙዚየም ስብስቦች ውስጥ ያለውን የወጣትና የጎልማሳ ድርሻ መሠረት አድርጎ በሕይወት የመቆየት ምጣኔን ገምቷል።

ዕድሜን ከላባ ማንበብ

ዘዴው የሚሠራው የመጀመሪያ ዓመቱን ወፍ ከጎልማሳው መለየት ሲቻል ብቻ ነው። የቱርደስ ወገን ለዚህ አመቺ ነው። በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፣ በጫካም ሆነ በጓሮ ዛፎች ሥር ቅጠል እየገለበጠ ትል የሚለቅመው፣ ሆዱና ምንቃሩ ብርቱካናማ የሆነው ቱርደስ አቢሲኒከስ ከዚሁ ወገን ነው። በእንሰት ጓሮ የተከበበ የጉራጌ መንደር ለእንዲህ ያለ ወፍ የሚስማማ ጥላና እርጥበት አለው። በዚህ ወገን ውስጥ ወጣቱ ወፍ ከጎጆ ከወጣ በኋላ የአካሉን ላባ ቢቀይርም በክንፉ ላይ ያሉትን አንዳንድ የጫጩትነት ላባዎች ሳይጥል ይቆያል። እነዚህ ላባዎች ጫፋቸው ፈዘዝ ያለ ወይም ነጠብጣብ ያለበት፣ ከአዲሶቹም ይልቅ ያረጁና የተበሉ ናቸው። የሠለጠነ ዓይን ናሙናውን ከመሳቢያው አንሥቶ ክንፉን በማየት ብቻ ይለየዋል፤ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ምልክቱ አይጠፋም።

ሁለተኛው ምልክት የራስ ቅል ነው። የወጣት ወፍ ቅል በመጀመሪያ አንድ ስስ ንጣፍ ብቻ ሲሆን፣ እያደር በመካከሉ ጥቃቅን ምሰሶዎች ያሉት ድርብ ንጣፍ ይሆናል። ይህ የሚታየው ግን ቆዳው በሚገፈፍበት ሰዓት ነው። ሰብሳቢው ያየውን በመለያው ላይ ካልጻፈው ዕድሉ ያመልጣል፤ ብዙዎቹ የጥንት ሰብሳቢዎችም አልጻፉትም።

ሁሉም ወፍ ለዚህ አይመችም። ድንቢጥ ከጎጆ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ ላባዋን በሙሉ ስለምትቀይር ከዚያ በኋላ ከእናቷ አትለይም። በከተማ ቄራዎች አካባቢ የሚታየው አነስተኛው ጥንብ አንሳ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኔክሮሲርተስ ሞናከስ፣ ለመራባት የሚደርሰው ከበርካታ ዓመታት በኋላ ስለሆነ ቀላሉ የእድር ስሌት አይሠራለትም። ለእርሱ ያለው መንገድ ቀለበትና ክትትል ነው።

ስሌቱ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

መሳቢያው የጫካው ትክክለኛ ቅጂ አይደለም። ሰብሳቢዎች ሰዎች ናቸው፤ የሚያምረውን ይመርጡ ነበር። ላባው የደመቀ ጎልማሳ ወንድ ለመሳቢያ ሲፈለግ፣ ላባው የተበጣጠሰው ወጣት ይተዋል። እንዲህ ሲሆን የወጣቶቹ ድርሻ ያንሳል፤ በሕይወት የመቆየት ምጣኔውም ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በሌላ በኩል ወጣት ወፍ ልምድ ስለሌለው ለጠመንጃም ሆነ ለወጥመድ ይቀርባል፤ ይህ ደግሞ ምጣኔውን ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱ አድልዎዎች ይካካሳሉ ብሎ መገመት ግን ስንፍና ነው። ተመራማሪው የእያንዳንዱን ሰብሳቢ ናሙና ለየብቻ ቆጥሮ፣ ድርሻው በሰብሳቢዎች መካከል ምን ያህል እንደሚለያይ ማየት ይኖርበታል።

የቁጥር አለመለዋወጥ ግምትም ፈተና አለው። የወፎቹ ቁጥር በዓመት 5 በመቶ እያደገ ከነበረ፣ ከላይ በምሳሌው 70 የተባለው ምጣኔ በትክክል 73.5 መሆን ነበረበት፤ በዓመት 5 በመቶ እየቀነሰ ከነበረ ደግሞ 66.5። ጫካ በሚመነጠርበት ወይም ባሕር ዛፍ በሚስፋፋበት አካባቢ ይህ እርማት ሊዘነጋ አይገባም።

ወሩም ወሳኝ ነው። በአውሮፓ ወፎች የሚራቡበት ጊዜ ጠባብና የታወቀ በመሆኑ የዓመቱ ወጣቶች በአንድነት ይፈለፈላሉ። በኢትዮጵያ ደጋ በበልግ የሚፈለፈል አለ፤ ከክረምት በኋላ የሚፈለፈልም አለ። በአንድ ወር የተሰበሰቡ ሁለት ወጣት ወፎች በዕድሜ ግማሽ ዓመት ሊራራቁ ይችላሉ። ስለዚህ ናሙናዎቹን በወር ለይቶ ማስላት ግድ ይሆናል።

ቁጥሩ ለምን ይጠቅማል

ከመቶ ጎልማሶች በየዓመቱ 50 በመቶው በሕይወት የሚቆዩ ከሆነ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚተርፉት ሦስት ገደማ ናቸው። ምጣኔው 70 በመቶ ከሆነ 17፣ 85 በመቶ ከሆነ ደግሞ 44 ይተርፋሉ። ትንሽ የሚመስለው ልዩነት በዓመታት ውስጥ ሁለት ፍጹም የተለያዩ የአኗኗር ስልቶችን ያሳያል። በሰሜኑ ቀዝቃዛ አገሮች የሚኖሩ ትናንሽ ወፎች ብዙ እንቁላል ይጥላሉ፤ ዕድሜያቸውም አጭር ነው። በሞቃታማው የምድር ወገብ አካባቢ የሚኖሩት ጥቂት እንቁላል ይጥላሉ። እንግሊዛዊው ሪጂናልድ ሞሮ እ.ኤ.አ. በ1944 የአፍሪካን ወፎች የእንቁላል ብዛት አሰባስቦ ካሳተመ ወዲህ ይህ ልዩነት በሰፊው ሲመረመር ቆይቷል። ጥቂት እንቁላል የሚጥል ዝርያ ሳይጠፋ የሚቆየው ጎልማሶቹ ረጅም ዕድሜ ሲኖሩ ነው።

በዚህ ላይ በዓመት ከመቶ ጎልማሶች አሥሩን የሚገድል አዲስ ምክንያት ቢጨመር ምን ይሆናል? ምክንያቱ ለጫት፣ ለበርበሬ ወይም ለአትክልት የሚረጭ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። ቀድሞ 70 በመቶ በሕይወት ይቆይ የነበረው ዝርያ ቁጥሩን ለመጠበቅ በ30 ወጣቶች ፋንታ 40 ማሳደግ ይኖርበታል፤ ይህም በሲሶ መጨመር ነው። 85 በመቶ ይቆይ የነበረው ግን በ15 ፋንታ 25 ሊያሳድግ ነው፤ ጭማሪው ሁለት ሦስተኛ ይሆናል፤ የሚጥለው እንቁላል ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ የትኛው ዝርያ ቀድሞ ጥበቃ እንደሚያሻው ለመወሰን ዛሬ ብዙ መስሎ መታየቱ በቂ ማስረጃ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰው ጥንብ አንሳ በአንድ ጊዜ የሚጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች የዘወትር እንግዳ ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት ተርታ ተመድቧል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ በመርዝ የተበከለ ጥንብ መብላቱ ነው።

የወልቂጤና የቡታጅራ አቀማመጥ ለንጽጽር የሚጋብዝ ነው። ከተራሮቹ በስተ ምዕራብ ያለው ውኃ በዋቤ በኩል ወደ ግቤ ይወርዳል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በአንድ ተራራ ሁለት ጎን የሚኖር አንድ ዝርያ በሁለቱም በኩል እኩል ዕድሜ ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅ የሚቻለው ናሙናዎቹ ከየትኛው ጎን እንደመጡ ሲታወቅ ነው።

መለያ ወረቀቱ

እዚህ ላይ ከቆዳውና ከላባው እኩል ዋጋ ያለው ነገር ይመጣል። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆን ተገድሎ ሲሞት፣ ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል አንድ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ውብ ወፍ ተገኘ። በስሙም ተሰየመ። ወፉ ከየት እንደተወሰደ የሚገልጽ ማስታወሻ ግን አልነበረም። መኖሪያው በውል የታወቀው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1940ዎቹ ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ የተገኘ አንድ ነጠላ ክንፍ፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል ስለተመዘገበ ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ለአንድ አዲስ የወፍ ዝርያ መታወቂያ ለመሆን በቅቷል። አንድ ክንፍ ስለ መኖር ይመሰክራል፤ ስለ ምጣኔ ለመናገር ግን ረድፍ ሙሉ ያስፈልጋል።

የጉራጌ አካባቢ ናሙና ሲመረመር የቦታ ስም ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ቡታጅራ በቀድሞው አስተዳደር በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ስትባል፣ ወልቂጤ በጨቦና ጉራጌ አውራጃ ሥር ነበረች። በኋላ ሁለቱም በደቡብ ክልል በጉራጌ ዞን ተጠቃለሉ። ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናቸው። በመለያው ላይ «ሸዋ» ብቻ የሚል ናሙና ከአንኮበር ይሁን ከዘቢዳር ግርጌ መምጣቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። የአስተዳደር ስም ይለወጣል፤ የወንዝ ስም፣ ከፍታና የካርታ መጋጠሚያ ቁጥር ግን አይለወጡም።

የቀን አጻጻፍም እንዲሁ ነው። «12/5/64» የሚል መለያ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተጻፈ ጥር 12 ቀን 1964 ዓ.ም. ማለት ሲሆን፣ ይህም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 1972 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከተነበበ ግን ሜይ 12 ቀን 1964 ይሆናል። የስምንት ዓመቱ ልዩነት ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ የወሩ ልዩነት ግን በበጋ የተያዘን ወፍ በበልግ እንደተያዘ ስለሚያስቆጥር የዕድሜ ንባቡን በሙሉ ያፋልሳል።

አዲስ ናሙና ለመሰብሰብ ሕያው ወፍ መግደል ግዴታ አይደለም፤ ሥራውም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ አይፈቀድም። በመኪና ተገጭተው፣ ከመስኮት መስታወት ወይም ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጋጭተው የሚሞቱ ወፎች በአግባቡ ከተመዘገቡ ለስብስቡ ይጠቅማሉ፤ የአሟሟታቸው ምክንያት ግን ለብቻው መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱም በመስታወት የሚሞቱት በይበልጥ ልምድ የሌላቸው ወጣቶች ሊሆኑ ይችላሉ። የሞተ ወፍ ያገኘ ሰው በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል በባዶ እጁ እንዳይነካው፣ በብዛት ሞተው የተገኙ እንደሆነም ፈጥኖ በአቅራቢያው ለሚገኘው የግብርና ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቅ ይመከራል። በእግሩ ላይ ቀለበት ካለ በቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና አድራሻ ሳይቀነስ ተገልብጦ፣ ወፉ የተገኘበት ቀበሌና ቀን ከነአቆጣጠሩ አብሮ ይጻፍ።